እጅ የሚያሸተው ሙሜ

ሙሜ መሞቱን የሰማሁ ቀን ያለቀስኩት ሰው እስኪያየኝ ጠብቄ ነው። ደብዳቤውን ስከፍት ክሊኒኩ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። የመጣው ከቡልጋሪያ ነው፤ የጻፈውም አብሮት የተማረ አንድ የአገራችን ልጅ ነው። ሙሜ ከሚሠራበት የከብት እርባታ ተነስቶ ምጥ የጠናባት ላም ሊያዋልድ ወደ አንድ መንደር ሲሄድ፣ በረዶ በሸፈነው መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ደጅ የሚጠብቁኝን ሁለት በጎች መርፌ ወግቼ ሸኘሁ። ጸሐፊያችን ስትገባ ነው ደብዳቤውን መልሼ አውጥቼ፣ ራሴን ይዤ የተንሰቀሰቅኩት።

በማግስቱ ወሬው መሰላ ደረሰ፤ በሦስተኛው ቀን በደሳ። ገበሬው ሥራውን ጥሎ መጣ። የክሊኒካችን ግቢ ሰው ሞላው። አንድ ሽማግሌ ከብት የምናስርበትን አጣና አቅፈው እንደ ልጅ ሲያለቅሱ አየሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ብናገር ማንም አያምነኝም፤ ቀናሁ። እኔ ብሞት ስንቱ ይመጣ ይሆን ብዬ ግቢውን በዓይኔ ቃኘሁት። በሞተ ሰው የሚቀና ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እኔን እዩኝ።

ደብረ ዘይት ሁለት ዓመት ተምሬ፣ የእንስሳት ጤና ረዳት ተብዬ፣ ተወልጄ ባደግኩባት በአሰበ ተፈሪ የተመደብኩት ንጉሡ ከመውረዳቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ሙሜ የመጣው ከዚያ ወዲህ፣ በደርግ ጊዜ ነው። ሙያችን አንድ፣ የተማርንበት ቤት አንድ፤ በዕድሜም በሥራም ግን እኔ እቀድመዋለሁ፤ የክሊኒኩ ኃላፊም እኔ ነበርኩ። "ጋሽ ተካ" ይለኛል። የመሰላ ልጅ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ የክትባት በረዶ ሳጥን ከመሸከም ብዛት አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሱሪው ሁልጊዜ ያጥረዋል። ነጭ ጋዋን ተሰጥቶት ነበር፤ አንድ ቀን የተወለደች ጥጃ ጠቅልሎበት ለባለቤቱ ሰጠና ሁለተኛ አልጠየቀም።

እጅ ማሽተቱን ያወቅኩት ዓመት ያህል አብረን ከሠራን በኋላ ነው። በእኛ አገር ሰላምታ ሲለዋወጡ እጅ መሳሳም ደንብ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ሙሜ ከብት ይዞ የመጣውን ሰው እጅ ይጨብጣል፣ ወደ አፉ አስጠግቶ ይስማል፤ ከዚያ ግን ቶሎ አይለቅም። አካም ጅርታ፣ እንደምን አለህ፣ ልጆቹስ፣ ዝናቡስ እያለ የሰውየውን እጅ አፍንጫው ሥር ያቆየዋል። አንድ ቀን ምን እንደሚያደርግ ጠየቅኩት።

"ባለቤቱ ለከብቱ ያበላውን ይረሳል ጋሼ፤ እጁ ግን አይረሳም" አለኝ። "ምርመራውን ግማሽ በግማሽ እዚያው እጨርሳለሁ።"

ሳቅኩበት። ቤቴ ስገባ ግን የራሴን እጅ አሸተትኩ። ከሳሙና በቀር ምንም አልሸተተኝም።

ገበሬዎቹ ስሙን ሳይለምዱ በፊት "ቀጭኑ" ይሉት ነበር። ላም እየጎተቱ ይመጣሉ፤ እኔ ጋዋኔን ለብሼ በሩ ላይ ቆሜ ሳለ አንገታቸውን በትከሻዬ ላይ አስግገው "ቀጭኑስ?" ይላሉ። ለመስክ ሥራ ወጥቷል ስላቸው "እንጠብቃለን" ብለው ጥላ ሥር ቁጭ። ቦርደዴ ድረስ ወርደን እንኳ ያው ነው። አንድ ጊዜ እዚያ እግሯ ያበጠ ግመል ሳጥብ፣ ስቀባ፣ ስጠቀልል ቆይቼ በላብ ተጠምቄ ቀና ስል፣ ባለቤቷ "አሁን ደግሞ ቀጭኑ ይያት" አለኝ። ሙሜ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አየና "ጋሽ ተካ የሠራው ጥሩ ነው፤ እኔ የምጨምረው የለኝም" አለው። ሰውየው ያን ጊዜ ነው እጄን ስሞ ያመሰገነኝ። ምስጋናዬ እንኳ በእሱ በኩል አልፎ ነበር የሚደርሰኝ።

ይህን ሁሉ ግን እንደ ምንም ችዬ እኖር ነበር። ያልቻልኩት የኦቦ አልዪን በሬ ነው።

የእኛ አገር ሰው በሬ ሲያደልብ ሜዳ ላይ ለቆ አይደለም። እርሻው ሲያልቅ ቤት ያስገባዋል። የማሽላውን ቅጠል እየሸለቀቀ፣ አገዳውን እየሰባበረ፣ አንድ በአንድ በእጁ ያጎርሰዋል። በሬው ከጌታው እጅ መብላት ከለመደ መሬት ላይ የተጣለለትን ዞር ብሎ አያይም። ደግሞም የሚደልብ በሬ ለሰው አይታይም። ዓይን ይበላዋል ይባላል፤ ስለዚህ ጨለማ ቤት ይቆማል። ድንገት ያየው እንግዳ ቢኖር "ማሻአላህ" ሳይል አያልፍም። እኔ የከተማ ልጅ፣ የክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ ይህን አውቃለሁ፤ ግን አፌ አልለመደውም።

ያን ዓመት ደስታ በሽታ ለሚባለው፣ ከብት ለሚፈጀው ወረርሽኝ ክትባት መሰላ ሄድን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አንድም ከብት እንዳይቀር ብሎ ስላዘዘ፣ በመንደሩ የተከበሩት ሽማግሌ ኦቦ አልዪም የደበቁትን በሬ ሳይወዱ አወጡት። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ነው፤ ግንባሩና ወገቡ ነጭ፣ አንድ ጎኑም ነጭ። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ከጧት እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ ቆመ። ተራው ደርሶ ፊቴ ሲመጣ ራሴን መግዛት አቃተኝ። ሽንጡን በመዳፌ ጠፍ አድርጌ "አቤት! ይሄ በሬ ነው ወይስ ዝሆን?" አልኩ፣ ሁሉም እስኪሰማ ጮክ ብዬ።

የኦቦ አልዪ ፊት ሲጠቁር አየሁ። ከኋላዬ መርፌ የሚሞላው ሙሜ ቶሎ ብሎ "ማሻአላህ!" አለ፣ ለእኔ ብሎ። እኔ ደግሞ በማመስገን ፈንታ ተናደድኩ፤ ማን ጠየቀህ ብዬ።

በአራተኛው ቀን ኦቦ አልዪ አምስት ሽማግሌ አስከትለው የእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ደጅ ቆሙ። "ሀኪምህ በሬዬን በላው" አሉ ለአለቃችን። "በዓይኑ በላው። መርፌም ወጋው። ከእንግዲህ መሰላ አንድ ከብት መርፌ አይነካውም።" አለቃችን በሩን ዘግቶ፣ ወይ ይህን ነገር ራስህ ታበርደዋለህ፣ ወይ ወደ ሐረር፣ ወደ ክፍለ ሀገሩ ቢሮ፣ እጽፋለሁ አለኝ። ያን ጊዜ ክትባት ያሰናከለ ሰው ፀረ አብዮት እንደሚባል የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ሙሜን ትቼው ብቻዬን ሄድኩ። መንደሩ የእሱ ነው፤ ሰዎቹ የእሱ ናቸው፤ ይዤው መሄድ ይገባኝ ነበር። ግን ከመጣ ነገሩን የሚያበርደው እሱ እንደሚሆን አውቃለሁ። በሬው ቆዳው አብጧል፤ አንዳንድ ቦታ ውሃ ቋጥሮ ይንጠባጠባል። የቆዳ በሽታ ነው አልኩ። ፔኒሲሊን ወጋሁት። ቁስሉ እንዲደርቅ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ እሰሩት ብዬ አዘዝኩ። በዚህም አልበቃኝም፤ ሰዎቹን ሰብስቤ ዓይን የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ይህ ኋላ ቀር አስተሳሰብ እንደሆነ ረጅም ንግግር አደረግኩ። በሦስተኛው ቀን የበሬው ቆዳ እንደ ራሰ ወረቀት እየተላጠ ነው የሚል መልእክት መጣ።

ያን ጊዜ ሙሜን ለመንኩት። ለመንኩት ስል በእርግጥ ቃሉን አላወጣሁም፤ "መሰላ ደረስ ብለን ብንመለስ" ነው ያልኩት። እሱም ቦርሳውን አነሳ።

እንደደረስን የኦቦ አልዪን እጅ ጨበጠ፣ ሳመ፣ አፍንጫው ሥር አቆየ። እሳቸው በኦሮምኛ ስሞታቸውን ያወርዳሉ፤ እሱ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፤ እጃቸውን ግን አይለቅም። በመጨረሻ "ኦቦ አልዪ፣ የወፍ ቆሎ ይነካሉ እንዴ?" አላቸው።

የወፍ ቆሎ አጥር የሚሆን ቁጥቋጦ ነው፤ አበባው ያምራል፣ ቅጠሉ ሲታሽ ይሸታል። ሽማግሌው አጥራቸውን ዘወር ብለው አዩ። ዝናቡ አጥሮ ማሽላው ደርቆባቸው ነበር። በሬው እንዳይከሳ ከአጥሩ ለምለም ለምለሙን እየመለመሉ፣ ከማሽላው ቅጠል ጋር እያደባለቁ ነበር የሚያጎርሱት።

ሙሜ ወደ እኔ ዞረ። "ጋሼ፣ እጅህን አምጣ" አለኝ። መዳፌን ይዞ የበሬው ጥቁር ላይ አሳረፈው፤ ጤነኛ ነው። ትንሽ ገፋ አድርጎ ነጩ ላይ አሳረፈው፤ ያተኩሳል፣ አብጧል፣ ሊላጥ ነው። የጥቁሩና የነጩ ድንበር በቢላ የተሰመረ ይመስላል። እኔ ያን በሬ በገዛ እጄ ወግቼዋለሁ፤ ይህን ግን አላየሁም።

"የፈላ ውሃ ቢደፋበት ቀለም አይመርጥም" አለ ሙሜ፣ አሁን ለሁሉም እንዲሰማ። "መርፌም አይመርጥም። የጋሽ ተካ ዓይንም ጥቁሩን ትቶ ነጩን አያይም። ቀለም የሚመርጥ ፀሐይ ነው።" የዓይኑን ቆብ ገልብጦ አሳያቸው፤ ነጩ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ቅጠሉ ጉበቱን ጎድቶታል አለ። ጉበቱ ሲታመም ከለምለም መኖ የሚመጣ አንድ ነገር ሳይጣራ ደሙ ውስጥ ይቀራል። ያ ነገር ጨለማ ቤት እያለ ምንም አላደረገውም፤ ፀሐይ ሲያገኘው ነው እሳት የሆነው። ጥቁሩ ቆዳ ይከላከላል፤ ነጩ ይቃጠላል።

"በሬ እንዲህ ያለ ቅጠል ይበላል?" ብለው ጠየቁ ኦቦ አልዪ። "ፍየል እንኳ ትተወዋለች።"

"ብቻውን ቢሆን አይበላውም ነበር" አለ ሙሜ ዝግ ብሎ። "ከእርስዎ እጅ ስለመጣ ነው የበላው።"

ሽማግሌው መሬት ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑ።

ከዚያ ሙሜ ሁለት ኪሎ የሚሆን ከሰል አስወቅጦ፣ በውሃ በጥብጦ፣ በጠርሙስ አጠጣው። ለምለም ነገር እንዳያይ፣ ደረቅ አገዳና ውሃ ብቻ እንዲሰጠው አዘዘ። ቁስሉን ቅባት ቀባው። ኦቦ አልዪ "የት እናስረው?" ሲሉ የመለሰው መልስ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። "ጨለማው ቤት ይመልሱት። ከዓይንም ከፀሐይም ይደበቅ" አለ። ከዓይንም! እኔ ግማሽ ቀን የለፈፍኩበትን ነገር በአንድ ቃል መልሶ ሰጣቸው። ሁሉም ደስ አላቸው። ከዚያ ሳቅ እያለ "ጋሽ ተካ ዛሬ ማሻአላህ ሊል ነው የመጣው፤ ያን ቀን አፉ አልለመደው ብሎ ነው" አላቸው። ያ ሁሉ ሰው ያየኝ ጀመር። ምን ላድርግ? በከሰል አፉ የጠቆረውን፣ ቆዳው የተላጠውን በሬ እያየሁ "ማሻአላህ" አልኩ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ኦቦ አልዪም እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሰላ ውስጥ የማይወደኝ ሰው አልነበረም፤ ክትባቱም ቀጠለ። በሬውም ዳነ፤ ነጩ ላይ አዲስ ቆዳ አወጣ።

ስንመለስ ይህን ከየት እንዳወቀው ጠየቅኩት። "ከመጽሐፍህ ነው" አለኝ። ከደብረ ዘይት ያመጣሁት፣ ስሜን ጽፌበት የክሊኒኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጥኩት ወፍራም መጽሐፍ ነው። እኔ ግማሹን እንኳ አላነበብኩትም። ሥራዬን አድኖልኛል፣ ስሜን አድኖልኛል፤ ያን ሰው ማመስገን ነበረብኝ። መንገዱን ሙሉ ፊቴን ወደ መስኮቱ መልሼ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅናቴ አብሮኝ ይተኛል፣ አብሮኝ ይነሳል። ሲስቅ ይመረኛል። ዝም ሲል በእኔ ላይ የሚያስብ ይመስለኛል። ጧት ከእሱ ቀድሜ ክሊኒክ ለመግባት እሮጥ ነበር፤ ስደርስ ግቢው ውስጥ ከባለ ከብቶቹ ጋር ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ፊቴ ሲጠቁር አይቶ "ጋሼ፣ ጨጓራህ ተነሳ እንዴ?" ይለኛል፤ እኔም አዎ እላለሁ።

በዓመቱ ይመስለኛል፣ ከሐረር ደብዳቤ መጣ። ለእንስሳት ሕክምና ትምህርት ወደ ቡልጋሪያ የሚሄድ አንድ ሰው ይመረጥ ይላል። አለቃችን ጠርቶኝ "ዕድሉ ያንተ ነው፤ በሥራ የቀደምከው አንተ ነህ" አለኝ። ባለቤቴ እልል አለች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ የቆየው እስከ በደሳ ገበያ ቀን ነው። እዚያ አንዲት ላም ምጥ ጠንቶባት ተጠራሁ፤ እጄን ታጥቤ ስቀርብ ባለቤቷ "ሙሜ ይምጣ" ብሎ በአክብሮት፣ በትሕትና፣ ትከሻዬን ይዞ ወደ ጎን አደረገኝ። በአክብሮት መሆኑ ነው የገደለኝ። እዚያው ቆሜ አሰብኩ። እኔ ስድስት ዓመት ሄጄ ዶክተር ሆኜ ብመለስ፣ እሱ ስድስት ዓመት እዚህ ከርሞ ይጠብቀኛል፤ ያን ጊዜ ማን ያስታውሰኛል? እሱ ቢሄድ ግን አገሩ በሙሉ ለእኔ ይቀራል።

ሰኞ ጧት አለቃችን ቢሮ ገባሁ። "ሙሜ ወጣት ነው፣ ጎበዝ ነው፤ አገርን የሚጠቅመው እሱ ነው። እኔ የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ፤ ለእሱ ይሁን" አልኩ። አለቃችን ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጠኝ። በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ስሜ ተነሳ፤ ተጨበጨበልኝ። የራሱን ዕድል ለጓደኛው የሰጠ ሰው እየተባልኩ ከአሰበ ተፈሪ እስከ በደሳ ተወራልኝ። ባለቤቴ ብቻ ለአንድ ወር ያህል በቅጡ አላናገረችኝም።

ሙሜ መሄድ አልፈለገም ነበር። "እማ ብቻዋን ናት" አለኝ። "ደግሞ ዕድሉ ያንተ ነው ጋሼ፤ እኔ እዚህ ደህና ነኝ።" እኔ ግን አልለቀቅኩትም። ወገኑን እንዲያስብ፣ ለአገር እንዲል፣ ያንን ሁሉ አልኩ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ "አንተ ካልክ እሺ" አለ።

የሄደ ቀን አውቶቡስ ተራ ሸኘሁት። እናቱም ከመሰላ መጥተው ነበር፤ አዴ ዘይነባ ይባላሉ፣ እንደ ልጃቸው ቀጭን ናቸው። ሙሜ እጄን ጨበጠ፣ ሳመ፤ አልለቀቀም። አፍንጫው ሥር አቆየው። "አሁን ደግሞ እኔን ትመረምራለህ?" አልኩት። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቀ መሰለኝ። ከዚያ አውቶቡሱ ላይ ወጣ።

አገሩ ለእኔ የቀረ መስሎኝ ነበር። ገበሬዎቹ ግን "ቀጭኑስ መቼ ይመጣል?" ማለት ጀመሩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከብቶቻቸውን እያዋለድኩ፣ እየወጋሁ፣ እያጠብኩ ይህን ሰማሁ። ደብዳቤ ሲጽፍ ደግሞ ለእኔ ነው የሚጽፈው። ተመርቆ አንድ ትልቅ የከብት እርባታ ውስጥ ሐኪም ሆኖ ገባ። ላሞቹ ስም የላቸውም፣ ጆሯቸው ላይ ቁጥር አለ ይላል። ሠራተኞቹን ሲጨብጥ እጃቸውን ሲያሸት መጀመሪያ ደንግጠው፣ በኋላ ለምደው ራሳቸው እጃቸውን ወደ አፍንጫው ይዘረጉለት ጀመር። አንድ በጋ ላሞቹ ነጭ ነጫቸው ተቃጥሎ ሌሎቹ ሐኪሞች ግራ ሲጋቡ፣ እሱ ግጦሹ ውስጥ ገብቶ አንድ ቢጫ አበባ ያለው አረም ነቅሎ መጣ። "እዚህ የወፍ ቆሎ የለም፤ ስሙ ሌላ ነው። የኦቦ አልዪን በሬ ግን እዚህም አገኘሁት" ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ደብዳቤ ጋር ጋዋን ለብሶ፣ ቦት ጫማ አድርጎ፣ ከላሞች መሃል የተነሳው ፎቶ ነበር። እኔ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ጸሐፊያችን አግኝታ የክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ገበሬዎቹ ሲገቡ መጀመሪያ እሱን ነበር ሰላም የሚሉት። እዚህም እሱ፣ እዚያም እሱ። እኔ የት ልሁን?

በየደብዳቤው መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ አይጠፋም። "ጋሼ፣ ልምጣ ወይ?" ይላል። ቀላል ጥያቄ ነው። ና ብዬ ብጽፍለት በወሩ የሚመጣ ይመስላል። እኔ ግን "ቆይ፤ አገሩ አልተረጋጋም፣ ጦርነት ነው፣ በጀት የለም፣ መድኃኒት የለም" እያልኩ እመልሳለሁ። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነበር። የጻፍኩበት ምክንያት ብቻ ነው ውሸቱ። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደጠየቀኝ አላውቅም፤ አንድም ጊዜ ና አላልኩትም። በመጨረሻ ያ ደብዳቤ መጣ።

ዱዓው የተደረገው መሰላ፣ አዴ ዘይነባ ቤት ነው። ሬሳ የለም፤ ሊጎበኝ የሚችል መቃብር የለም። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ጫቱ ፊታቸው ተዘርግቷል፤ ሼኩ ቁርኣን ይቀራሉ። ስገባ ሁሉም ብድግ አለ። ኦቦ አልዪ አርጅተዋል፤ በዱላቸው እየተደገፉ መጥተው እጄን ይዘው ከሼኩ አጠገብ አስቀመጡኝ። "ይሄ ሰው ነው" አሉ ለማያውቁኝ፣ "የራሱን ዕድል ለሙሜ የሰጠው። ወላሂ እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም።"

መቀመጥ አቃተኝ። ተነስቼ ሴቶቹ ወዳሉበት ጓዳ ሄድኩና አዴ ዘይነባ እግር ሥር ተንበረከክኩ። "ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው በሹክሹክታ። "ልምጣ ሲለኝ አትምጣ እያልኩ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አሉ። አላለቀሱም። "እሱም ያውቃል።"

ቀና ብዬ አየኋቸው።

"ሊሄድ ሲል ለእኔ ነገረኝ" አሉ፣ በተሰባበረ አማርኛቸው። "እኔ አለቀስኩ፤ አትሂድ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አልኩት። እሱ ምን አለ? 'እማ፣ የኦቦ አልዪ በሬ ትዝ ይልሻል? ጋሽ ተካ እንደሱ ነው። እኔን ሲያይ ይቃጠላል። ክፉ ሰው አይደለም፣ አሞት ነው። መድኃኒቱ ከፀሐይ ማራቅ ነው። እሱ ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፣ የት ይሄዳል? እኔ ልሂድለት። ሲድን እመጣለሁ' አለ። ከዚያ ደብዳቤ ይልካል፤ ሼኩ ያነብልኛል። 'ጋሽ ተካን ጠየቅኩት፤ ገና አልዳነም እማ' ይላል። ሁልጊዜ እንደዚያ ይላል።"

ልምጣ ወይ እያለ ሲጠይቀኝ የኖረው ቁስሌን ሲያይ ኖሯል። እኔም በየጊዜው በገዛ እጄ ጽፌ አልዳንኩም እለው ነበር።

"ወጥቼ እነግራቸዋለሁ" አልኩ። ብድግ ስል ክንዴን ያዙኝ። በዚያ ዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ጉልበት ይኖራቸዋል ብዬ አልጠበቅኩም።

"ተው" አሉኝ። "ለማንም እንዳትነግሪ ብሏል። 'ይሄ ስም ለጋሽ ተካ ይቅርለት፣ እሱ ይፈልገዋል' አለ። ልጄ የተወልህን አትጣል።"

እጄን ሳቡና ሳሙት። ቶሎ አልለቀቁትም፤ አፍንጫቸው ሥር አቆዩት። ሙሜ ይህን ከማን እንደተማረ ያን ጊዜ ገባኝ። ያሸተታቸውን አልጠየቅኳቸውም።

ተመልሼ ከሼኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። በዚህ ዓለም ላይ ከሙሜ የምበልጥበት አንድ ነገር አለኝ ብዬ የምጽናናው በዚያ ስጦታ ነበር። ምክንያቱ የተበላሸ ቢሆንም ሰጪው እኔ ነበርኩ። ለካ ሰጪው እሱ ነው፤ ደግነቱንም ለእኔ ጥሎልኝ ሄዷል። እንባዬ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ማን እንዳየኝ ዞር ብዬ አላየሁም። ለእሱ አልቅሼ ይሁን በእሱ ቀንቼ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ለሙሜ ጀነት ለመኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዕድሉን ለጓደኛው ለሰጠው ለዚህ ሰው አላህ ዕድሜና ጤና ይስጠው፣ ልቡን አይለውጥበት አሉ።

አሜን አልኩ።